ቦርዱ ውስጥ ጠያቂው ማን ነው?

ጉለሌ ውስጥ፣ የአዲስ አበባ ሰው እስከ ዛሬ «ፓስተር» ብሎ በሚጠራው ሰፈር፣ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ይገኛል። ብዙዎች ስሙን በደንብ የሰሙት በ2012 ዓ.ም. የኮቪድ-19 ምርመራ እዚያ ሲጀመር ነው። ኢንስቲትዩቱ ግን ዜና የማይሆን ሌላም ሥራ አለው፤ የላቦራቶሪዎች የውጭ ጥራት ምዘና። ውጤቱ አስቀድሞ የታወቀ ናሙና ለላቦራቶሪዎች ይላካል። ላቦራቶሪው የበሽተኛን ደም በሚመረምርበት በዚያው መሣሪያ፣ በዚያው ባለሙያ፣ በዚያው አሠራር መርምሮ ያገኘውን ይመልሳል። ከዚያ የተመለሰው ከታወቀው ጋር ይነጻጸራል። ለፈተናው ቀን ብቻ የተሻለ መሣሪያ ማምጣት ምዘናውን ከንቱ ያደርገዋል፤ በሥራው ላይ ጥቂት ዓመት የቆየ ባለሙያ ሁሉ ይህን ያውቃል። ይህን መሰሉ ተራ የሚመስል ዕውቀት ከአንድ የቴክኖሎጂ ኩባንያ የዳይሬክተሮች ቦርድ ሲጠፋ ምን እንደሚከተል ያሳየው የአሜሪካው ቴራኖስ ነው። ታሪኩ ከባሕር ማዶ ቢሆንም፣ ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ በየጊዜው የሚመሠረቱትን የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች በቀጥታ ይመለከታል።

ቴራኖስን እ.ኤ.አ. በ2003 የመሠረተችው ኤልዛቤት ሆምስ ከጣት በሚወሰድ ጥቂት የደም ጠብታ ብዙ ዓይነት ምርመራ የሚሠራ መሣሪያ አለኝ ትል ነበር። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2014 ዘጠኝ ቢሊዮን ዶላር ተገመተ። በዚያን ጊዜ ቦርዱ ላይ የነበሩትን ስሞች ማንበብ የአሜሪካን የግማሽ ክፍለ ዘመን ፖለቲካ ማንበብ ነው። የቀድሞዎቹ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትሮች ጆርጅ ሹልትዝና ሄንሪ ኪሲንጀር፣ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ዊልያም ፔሪ፣ ሴናተር የነበሩት ሳም ነን፣ ጄኔራል ጄምስ ማቲስ፣ አድሚራል ጋሪ ራፍሄድ፣ የዌልስ ፋርጎ ባንክን የመሩት ሪቻርድ ኮቫሴቪች እዚያ ተቀምጠው ነበር። ከ200 ከሚበልጡት የምርመራ ዓይነቶች ውስጥ ግን በራሱ በኩባንያው መሣሪያ ይሠሩ የነበሩት 12 ገደማ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት ከሌሎች አምራቾች በተገዙ መሣሪያዎች ይሠሩ ነበር። ይህን አሜሪካ የሰማችው እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2015 ጋዜጠኛው ጆን ካሪሩ በዎል ስትሪት ጆርናል ባወጣው ዘገባ ነው። ሆምስ እ.ኤ.አ. በ2022 ባለሀብቶችን በማታለል ጥፋተኛ ተብላ ከ11 ዓመት በላይ እስራት ተፈረደባት።

በዚህ ታሪክ ውስጥ የጉለሌን ባለሙያ ልብ የሚያቆም አንድ ነጥብ አለ። የሆምስን ድርጅት ካጋለጡት አንዱ የቦርዱ አባል የጆርጅ ሹልትዝ የልጅ ልጅ የሆነው ታይለር ሹልትዝ ነው። ወጣቱ እ.ኤ.አ. በ2014 ለኒው ዮርክ ግዛት ተቆጣጣሪዎች ያቀረበው አቤቱታ በጥራት ምዘና ላይ ያተኮረ ነበር፤ ኩባንያው የምዘና ናሙናዎችን የሚመረምረው በራሱ መሣሪያ ሳይሆን ከገበያ በተገዙት ነው የሚል። አያቱ ግን ልጁን ሳይሆን መሥራቿን አመኑ። ሹልትዝ ሞኝ አልነበሩም፤ ከሶቪየት ኅብረት ጋር ስለ ኑክሌር መሣሪያ የተደራደሩ ሰው ናቸው። የሠሩበት ዘመን ሁሉ ያስተማራቸው ግን ሰውን መመዘን እንጂ የደም ምርመራን መመዘን አልነበረም። «የምዘናው ናሙና በየትኛው መሣሪያ ተመረመረ?» የሚለው ጥያቄ በፓስተር ላቦራቶሪ ውስጥ የዕለት ሥራ ነው፤ በዚያ ቦርድ ውስጥ ግን ይህን የሚጠይቅና የሚሰጠውን መልስ አበጥሮ የሚያይ አልነበረም።

እዚህ ላይ ቸኩሎ «ስለዚህ ፖለቲከኛን አውጥቶ ሐኪም ማስገባት ነው» የሚል አንባቢ ቢኖር፣ ቴራኖስ ለእርሱም መልስ አለው። በቦርዱ ላይ ሁለት ሐኪሞች ነበሩ። ቢል ፍሪስት የልብ ቀዶ ጥገና ሐኪም ነበሩ። ዊልያም ፌጊ ደግሞ በዓለም የኅብረተሰብ ጤና ታሪክ ከታላላቆቹ አንዱ ናቸው፤ በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ናይጄሪያ ውስጥ ያዳበሩት በሽታውን አሳድዶ የመክበብ ዘዴ ነው ፈንጣጣን ከዓለም፣ ከእኛም አገር ጭምር ለማጥፋት የረዳው። የሁለቱም ሙያ ግን የላቦራቶሪ ምርመራ አልነበረም። ስለዚህ የቦርድ አባላትን የሕይወት ታሪክ ስናነብ ማየት ያለብን ዘርፉን በጥቅሉ አይደለም። ኩባንያው ሊወድቅ የሚችልበትን ዋና ነገር በእጁ ሠርቶ፣ ስሕተቱንም አይቶ የሚያውቅ ሰው አለ ወይስ የለም? የእኔ ክርክር ይኸው ነው፤ የቴክኖሎጂ ኩባንያ ቦርድ ዋጋው የሚለካው በአባላቱ ማዕረግ ሳይሆን፣ የኩባንያውን ዋና ሥጋት መጠየቅና መልሱን መፈተሽ በሚችል ሙያ መኖር ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ ጉዳዩ ከሕግ ይጀምራል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የአክሲዮን ኩባንያ ዳይሬክተሮች ከሦስት የማያንሱ፣ ከአሥራ ሁለት የማይበልጡ ሆነው፣ ሁሉም የኩባንያው አባል እንዲሆኑ ያዝዝ ነበር። ስድሳ ዓመት የዘለቀው ይህ ድንጋጌ በቦርድ ባህላችን ላይ ጥሎት የሄደው አሻራ ቀላል አይደለም። ወንበሩ የሚገኘው በገንዘብ ነበር፤ ሙያ ካለ መልካም፣ ከሌለ ግን የሚያሳጣ ነገር አልነበረውም። ብዙ ድርሻ ያለው፣ ወይም የብዙ ባለአክሲዮኖችን ውክልና የሰበሰበ፣ ወይም በአካባቢው የተከበረ ሰው ይመረጣል። በ2013 ዓ.ም. የወጣው አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243፣ ባለአክሲዮን ያልሆነ ሰውም ቦርድ እንዲገባ በር ከፈተ፤ ለሚፈልጉ ኩባንያዎችም የተቆጣጣሪ ቦርድ አማራጭ አመጣ። ይህ በእኔ ግምት ከሕጉ ብዙም ካልተወራላቸው ጠቃሚ ለውጦች አንዱ ነው፤ የላቦራቶሪ ጥራት ባለሙያ አክሲዮን መግዣ ገንዘብ ሳይኖራት በሙያዋ ብቻ ወንበር ልታገኝ የምትችልበት መንገድ ነውና።

ነገር ግን አብዛኞቹ ጀማሪ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎቻችን የአክሲዮን ኩባንያ አይደሉም። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ናቸው። ይህ የማኅበር ዓይነት በሥራ አስኪያጅ ይመራል፤ እንደ አክሲዮን ኩባንያ ቦርድ የማቋቋም ግዴታ የለበትም። በተግባር መሥራቹ ሥራ አስኪያጅም፣ ዋና ባለድርሻም፣ ብዙ ጊዜ ዋናው የሶፍትዌር ባለሙያም ነው። ስለዚህ የእኛ ችግር ከቴራኖስ በተቃራኒ በኩል የቆመ ይመስላል፤ እዚያ ስም የሞላው ቦርድ ነበር፣ እዚህ ጭራሽ ቦርድ የለም። ውጤቱ ግን አንድ ነው፤ መሥራቹን የሚጠይቅ የለም። እኛ ዘንድ የቴክኒክ ዕውቀት ከላይ አይጠፋም። የመኪና ጥሪ አገልግሎቱን ራይድን ያቋቋሙት ሳምራዊት ፍቅሩ የሶፍትዌር ባለሙያ ናቸው። የሚጎድለው ከሶፍትዌሩ ውጭ ያለው ዕውቀት ነው። መኪና የሚጠራ መተግበሪያ ሊወድቅ የሚችለው በኮዱ ብቻ አይደለም፤ በመንገድ ደኅንነት፣ በመድን፣ ሌሊት ብቻዋን በምትሳፈር ሴት ደኅንነት፣ በሾፌሩ ገቢ ነው። የክፍያ ኩባንያም ሊወድቅ የሚችለው ማታ ማታ በሚደረገው የሒሳብ ማስታረቅ ነው።

የክፍያውን ጉዳይ ትንሽ ልቆይበት። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. ባወጣቸው መመሪያዎች ባንክ ያልሆኑ ድርጅቶች ወደ ክፍያ ሥራ እንዲገቡ ከፈቀደ ወዲህ፣ ቻፓና አሪፍፔይን የመሳሰሉ ኩባንያዎች ፈቃድ አግኝተው እየሠሩ ነው። ቴሌብር በግንቦት 2013 ሥራ ጀመረ፣ ኤምፔሳም በ2015 መገባደጃ ላይ ተከተለ። ዛሬ ሽሮ ሜዳ ላይ ጥበብ የሚሸጥ ነጋዴ የቀን ገቢውን ጉልህ ክፍል በስልኩ ይቀበላል። ገንዘቡ ከገዢው ወጥቶ ለእርሱ ሳይደርስ የቀረ ዕለት የሚያጣው የዕለት ሽያጩን፣ አንዳንዴም ለሸማኔው የሚከፍለውን ነው። ይህ ሁሉ በሚያልፍበት ኩባንያ ቦርድ ውስጥ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሦስት ሰዎችና ገንዘብ ያዋጣ አንድ ሰው ብቻ ካሉ፣ የዕለቱን ሒሳብ ያስታረቀ ሰው ምን ያህል ልዩነት እንዳገኘ፣ ልዩነቱ በስንት ሰዓት እንደተፈታ፣ ያልተፈታው የት እንደተመዘገበ ማን ይጠይቃል? ጥያቄውን ከሁሉ በፊት የሚያነሳው በባንክ የክፍያ ክፍል ዓመታት የሠራ፣ ስሙ በጋዜጣ ወጥቶ የማያውቅ ሰው ነው።

ይህ ባዶ ፍርሃት እንዳልሆነ ከመጋቢት 6 ለ7 ቀን 2016 ዓ.ም. አጥቢያ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሆነው አሳይቶናል። የባንኩ ሲስተም ላይ ከተደረገ ማሻሻያ በኋላ ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ገንዘብ ማውጣትና ማዛወር ቻሉ። ባንኩ በኋላ ያስታወቀው መጠን ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪዎቻቸው የወሰዱትን እንዲመልሱ ማስታወቂያ ለጠፉ፣ አብዛኛው ገንዘብም ተመለሰ። ንግድ ባንክ ጀማሪ ኩባንያ አይደለም፤ ለአንድ ሌሊት ስሕተትም ቦርድን መውቀስ ፍትሕ አይሆንም። ነገር ግን ያ ሌሊት የትኞቹ ጥያቄዎች አስቀድመው መጠየቅ እንዳለባቸው በግልጽ አስቀምጦልናል። ማሻሻያው ከመለቀቁ በፊት በሙከራ ሲስተም ላይ በሙሉ ጫና ታይቷል ወይ? ችግር ቢፈጠር ወደ ቀድሞው ለመመለስ ስንት ደቂቃ ይፈጃል? በሌሊት ተረኛ ሆኖ ሥራውን ሁሉ የማስቆም ሥልጣን ያለው ማን ነው? ግዙፍ አቅም ያለውን ባንክ ያንገዳገደ ስሕተት፣ ካፒታሉ አነስተኛ የሆነን ጀማሪ ኩባንያ በአንድ ሌሊት ይዘጋዋል።

የሚነሱብኝን ተቃውሞዎች አውቃለሁ፤ ከሁሉ የሚከብደውም ስለ ስም የሚነሳው ነው። አገራችን ውስጥ ሰው ገንዘቡን የሚያምነው በሰው ነው፤ የታወቀ የባንክ ሰው፣ የተከበረ ሽማግሌ፣ የቀድሞ ሚኒስትር ቦርድ ላይ መኖሩ ደንበኛን ያሳምናል፣ የመሥሪያ ቤት በር ያስከፍታል፣ ከፍ ያለ ባለሀብትን ያመጣል ይባላል። እውነት አለው። ለጀማሪ ኩባንያ የተከፈተ በር ዋጋ ትልቅ ነው፤ ያንን የሚያቃልል ሰው ፈቃድ ለማውጣት ደጅ ጠንቶ አያውቅም። ነገር ግን ስም እምነትን የሚያመጣው ሰዎች «እርሱ ካለበት መርምሮታል» ብለው ስለሚያስቡ ነው። ባለስሙ መመርመር የማይችል ከሆነ ሕዝቡ የሰጠው እምነት ከኋላው ምንም የሌለው ነው። ቴራኖስ ላይ የሆነው በትክክል ይህ ነበር፤ ባለሀብቱ ቦርዱን አይቶ አመነ፣ ቦርዱ መሥራቿን አይቶ አመነ፣ መሣሪያውን ግን ማንም አላየም። ስለዚህ ታዋቂው ይግባ፤ ብቻውን ግን አይግባ።

ሁለተኛው ተቃውሞ የአቅም ነው፤ ገና ገቢ ያላየ ኩባንያ የቦርድ አበል ከየት ያመጣል? እዚህ ላይ ከተማዋ ራሷ መልስ አላት። ጉለሌን ብቻ ብናይ፣ በፓስተር የላቦራቶሪ ጥራት ባለሙያዎች፣ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ የክሊኒክ መረጃን ዕለት ከዕለት የሚጠቀሙ ሐኪሞችና ነርሶች፣ በሽሮ ሜዳ በየቀኑ የዲጂታል ክፍያ የሚቀበሉ ነጋዴዎች አሉ። በሦስት ወር አንዴ የሚደረግ የግማሽ ቀን ስብሰባ ለመሳተፍ እነዚህ ሰዎች የሚጠይቁት የቀድሞ ሚኒስትር የሚጠይቀውን አይደለም። የሚከለክላቸው የወጪው ብዛት ሳይሆን፣ መሥራቾች የቦርድ አባል ሲያስቡ ወደ ላይ እንጂ ወደ ጎን የማየት ልማድ የሌላቸው መሆኑ ነው። «አማካሪ አድርገን እንጠይቃቸዋለን» የሚል መሥራች ይኖራል። አማካሪ ግን ሲጠራ የሚመጣ፣ ሳይጠራ የማይመጣ ነው፤ ቃለ ጉባኤ ላይ ተቃውሞውን የማስመዝገብ መብትም የለውም።

ሦስተኛው ተቃውሞ «ይህን የሚቆጣጠር መንግሥት አለ» የሚል ነው። ባንክ ላይ በከፊል እውነት ነው፤ ብሔራዊ ባንክ የባንክ ዳይሬክተሮችን ብቃት መርምሮ ያጸድቃል። ተቆጣጣሪ የሚያየው ግን ከዓመት ወደ ዓመት፣ የቀረበለትን ሰነድ ነው፤ ጤና፣ ትራንስፖርትና ትምህርት ውስጥ የገቡ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎችን ቦርድ ደግሞ እንደ ባንኮቹ ሰው በሰው የሚያጠራ የለም። ከዚህ የሚከብድ ሌላ ነገርም አለ፤ ሥልጣን። ሆምስ የያዘችው አክሲዮን በድምፅ ብልጫ ሌሎቹን ሁሉ የሚያሸንፍ ነበር፤ ቦርዱ ላቦራቶሪ አዋቂ ቢኖረውም በድምፅ ሊያግዳት አይችልም ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል። ይህ ክርክር ግን የሚያሳየው ሙያ ብቻውን እንደማይበቃ ነው እንጂ እንደማያስፈልግ አይደለም። ባለሙያው ድምፁ ቢያንስ እንኳ ጥያቄው በቃለ ጉባኤ ይሰፍራል፤ መልስ ካላገኘም ሥራውን ለቆ ምክንያቱን ይጽፋል። የአንድ አዋቂ ሰው በጽሑፍ የተደገፈ ስንብት ባለሀብትንም፣ ተቆጣጣሪንም፣ ጋዜጠኛንም ያስቆማል።

ጉዳዩ የመሥራቾችና የባለሀብቶች ብቻ ነበር፤ አሁን ግን የሕዝብም እየሆነ ነው። ኢትዮ ቴሌኮም በ2017 ዓ.ም. ባቀረበው የአክሲዮን ሽያጭ ከ47 ሺህ በላይ ሰዎች 3.2 ቢሊዮን ብር ገደማ አውጥተው ገዙ። በዚያው ዓመት ጥር ላይ የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ ጀመረ። ነገ የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች ለሕዝብ አክሲዮን ይዘው ሲመጡ፣ ገዢው በእጁ በሚደርሰው የደንበኛ ሳቢ መግለጫ (ኩባንያው አክሲዮን ሲሸጥ በሚያወጣው ሰነድ) ውስጥ የዳይሬክተሮች ዝርዝር ያያል፤ ስም፣ ዲግሪ፣ የቀድሞ ሹመት። የኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ከዚህ አንድ እርምጃ አልፎ፣ ኩባንያው ራሱ ዋና ያላቸውን ሥጋቶች ዘርዝሮ ለእያንዳንዱ ሥጋት የትኛው ዳይሬክተር በሥራ ልምዱ እንደሚያውቀው እንዲጽፍ ሊያዝ ይችላል። አቻ የሌለው ሥጋት ካለ «የለም» ተብሎ ይጻፍ። በግል ማኅበር ደረጃ ያሉትም ገንዘብ ከሚያስገባላቸው ባለሀብት ጋር ሲዋዋሉ ይህንኑ ሰንጠረዥ ከውሉ ጋር ማያያዝ ይችላሉ፤ አዋጅ አይጠይቅም፣ ጠበቃ እንኳ ብዙ አያደክምም። የባለአክሲዮኖች አስመራጭ ኮሚቴም በቀጣዩ ጠቅላላ ጉባኤ ዕጩዎችን ሲያቀርብ ከትምህርት ማስረጃው ጎን ዕጩው በሥራ ዘመኑ ምን ስሕተት አግኝቶ እንዳረመ ይጠይቅ።