የሻገተው ድርቆሽ

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 1933፣ አንድ ቅዳሜ፣ ኤድ ካርልሰን የተባለ የዊስኮንሲን ገበሬ በበረዶ ውሽንፍር ውስጥ 300 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቶ ሜዲሰን ከተማ ገባ። የጫነው አንዲት የሞተች ጊደር፣ 45 ኪሎ ገደማ የሻገተ ድርቆሽ እና አንድ የወተት ቢዶን ሙሉ ደም ነበር። ደሙ አልረጋም።

የእንስሳት ሐኪሙ ቢሮ ተዘግቶ ስላገኘው የባዮኬሚስቱን የካርል ፖል ሊንክን ቤተ ሙከራ አንኳኳ። በሽታው አዲስ አልነበረም። ስዊት ክሎቨር የተባለው መኖ ሲሻግት ከብት ደም እየፈሰሰው እንደሚሞት ካናዳዊው የእንስሳት ሐኪም ስኮፊልድ በ1920ዎቹ መጀመሪያ ደርሶበታል። ነገር ግን በዚያ የኢኮኖሚ ድቀት ዘመን ድርቆሹን ጥሎ ሌላ የሚገዛ ገበሬ ከየት ይመጣል? ሊንክም «ይህን መኖ አትስጣቸው» ከማለት በቀር ብዙ የሚለው አልነበረውም። ገበሬው ሲሄድ የሊንክ ረዳት ሾፌል እጁን ቢዶኑ ውስጥ እየነከረ፣ የማይረጋውን ደም እያሻሸ ቀረ።

መልሱ ስድስት ዓመት ፈጀ። በ1939 የሊንክ ባልደረባ ሃሮልድ ካምቤል መርዙን በክሪስታል መልክ ለየው፤ ዳይኩማሮል ተባለ። ሻጋታው የድርቆሹን ጣፋጭ ሽታ የሚሰጠውን ኩማሪን ወደ መርዝ ይለውጠዋል፤ መርዙ ደግሞ ጉበት በቫይታሚን ኬ አማካይነት የሚሠራቸውን የደም ማርጊያ ፕሮቲኖች ያሰናክላል።

የዳይኩማሮል ብርቱ ዘመድ ዋርፋሪን በ1948 ለገበያ የቀረበው ለአይጥ መርዝነት ነው። በ1951 አንድ አሜሪካዊ ምልምል ወታደር ራሱን ለማጥፋት ዋጠው፤ በቫይታሚን ኬ ታክሞ ዳነ። በ1954 ዋርፋሪን ለሰው ሕክምና ተፈቀደ፤ በዓመቱ ፕሬዚዳንት አይዘንሃወር ልባቸውን ሲታመሙ ወሰዱት።

ባቱ ውስጥ ደም የረጋበት ሰው ዛሬም ይህን ኪኒን ይዞ ከሆስፒታል ሊወጣ ይችላል። «የደም ማቅጠኛ» መባሉ ግን አሳሳች ነው፤ ደም አያቀጥንም፣ የረጋውንም አያሟሟም። እንዳያድግ ያግዳል፤ ማሟሟቱ የሰውነት የራሱ ሥራ ነው። ስለዚህ ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ ሦስት ወር ይወስዳል፤ የእግሩ እብጠት ከዚያም ሊዘገይ ይችላል። እብጠቱ ጎደለ ብሎ መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ማቆም አደጋ ነው፤ የረጋው ተገንጥሎ ሳንባ ሊደፍን ይችላል።

ጎመናችን የዋርፋሪንን ሥራ በሚቃወመው በቫይታሚን ኬ የበለጸገ ነው። ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ጎመን መተው የለበትም፤ መጠኑን ግን አያለዋውጥ። ጾም ሲገባ ጎመን የምታበዙ፣ ለሐኪማችሁ አስቀድማችሁ ንገሩ።