የሆቴል ክፍልና የእንግዳ ወራት

ጨርቅና ጨው ዛሬ ባይሸጡ ነገ ይሸጣሉ፤ የሆቴል ክፍል ግን አንድ ሌሊት ባዶውን ካደረ የዚያ ሌሊት ገቢ ተመልሶ አይገኝም። የሆቴል ንግድ ከሌላው ንግድ የሚለየው በዚህ ነው።

ለምሳሌ ላሊበላን እንመልከት። በገናና በጥምቀት ሰሞን እንግዳው ከአልጋው ይበዛል፤ በክረምት ግን ይሳሳል። 40 ክፍሎች ያሉት ሆቴል በዓመት ለኪራይ የሚያቀርበው የ14,600 ሌሊት አልጋ ነው። 100 ሌሊት ሞልቶ፥ በቀሩት 265 ሌሊቶች 8 ክፍል ብቻ ቢያከራይ፥ የሸጠው 6,120፥ ይኸውም ከመቶ 42 ያህል ይሆናል። የባንክ ወለድ፥ የዘበኛና የወጥ ቤት ሠራተኛ ደመወዝ ግን የሚከፈለው ለዓመቱ ሙሉ ነው።

ስለዚህ በክረምት ዋጋ መቀነስ ሁልጊዜ ኪሳራ አይደለም። የተቀነሰው ዋጋ የአጠባውን፥ የሳሙናውንና የቁርሱን ወጪ ከሸፈነ፥ ትርፉ ለደመወዙና ለወለዱ ይረዳል። ይሁን እንጂ ቅናሹ የሚጠቅመው አዲስ እንግዳ ሲያመጣ ነው፤ ያለዚያ በሙሉ ዋጋ ሊያድር የነበረውን ሰው ገንዘብ መተው ይሆናል። ደግሞም በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ወረርሽኝ፥ ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮም በሰሜኑ ጦርነት እንደታየው፥ መንገድ ሲዘጋ ቅናሽ እንግዳ አያመጣም።

ለሆቴል አንሶላ፥ ሥጋና መጠጥ በዱቤ የሚሰጥ ነጋዴም የገናን ሰሞን ግርግር ብቻ አይቶ አይፍረድ። በዓመት ስንት ሌሊት እንደሚከራይ ይጠይቅ፤ ሒሳቡንም ገንዘቡ በባለሆቴሉ እጅ ሳለ፥ ጥር ሳያልፍ፥ ቢቀበል ይበጀዋል።