እማማ አሁን ይተኛሉ

ጋዜጣዊ መግለጫ ሲባል ለብዙ ሰው የሚታየው ማይክሮፎን የተደረደረበት ጠረጴዛ ነው። እኔ የምወደው ሌላኛውን፣ የሚጻፈውን ነው። የሰፈር ወጣቶች ማኅበር ያለ አዳራሽ፣ ያለ አበል፣ የሠራውን እንደ እኛ ላለ የሬዲዮ ዜና ክፍል የሚያደርስበት አንድ ገጽ ወረቀት።

ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት የሚሉትን መመለስ እንዳለበት ሁሉም ያውቃል። የወረቀቱ ታሪክ ግን ከሩቅ ይጀምራል፦ በጥቅምት 1899 ዓ.ም. አሜሪካ ውስጥ አትላንቲክ ሲቲ አጠገብ ባቡር ከድልድይ ወደ ውኃ ገብቶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። የባቡር ኩባንያው ባለሙያ አይቪ ሊ የሆነውን ጽፎ ለጋዜጦች ሰጠ፤ ኒው ዮርክ ታይምስም እንዳለ አተመው። ብዙዎች የመጀመሪያው ጋዜጣዊ መግለጫ ይህ ነው ይላሉ።

“ዋናውን ነገር ፊት አድርግ” የሚለው ምክርም ከውጭ የመጣ ነው። ምክሩ ልክ ነው፤ ግን የአማርኛ ግስ መጨረሻ ላይ እንደሚቀመጥ አያውቅም። ወጣቶቻችን እንዲህ ይጽፋሉ፦ “የወረዳው ዋና ሥራ አስፈጻሚ፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች፣ የሃይማኖት አባቶች፣ የሀገር ሽማግሌዎችና ጥሪ የተደረገላቸው እንግዶች በተገኙበት የአቅመ ደካሞች ቤት እድሳት መርሐ ግብር በደማቅ ሁኔታ ተካሄደ።” ዜና አንባቢው “ተካሄደ” ላይ ሲደርስ ትንፋሹ አልቋል። ሲደርስም “ተካሄደ” ምንም አይነግረውም። ስንት ቤት ታደሰ? ማን አደሰ? ማን ገባበት?

ስለዚህ በአማርኛ ዋናውን ፊት ማድረግ ማለት የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር ማሳጠር ማለት ነው፤ ግሱ ቶሎ እንዲመጣ። ግሱም ሥራ የሚያሳይ ይሁን፦ አደሱ፣ አስረከቡ፣ ቆፈሩ፣ አስጠኑ። እንግዶቹ ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ቢጠሩ ክብራቸው አይጎድልም።

አንድ ክረምት የአንድ ማኅበር ጸሐፊ የሆነች ልጅ በፕላስቲክ የጠቀለለችውን መግለጫ ይዛልኝ መጣች። ማኅተሙ ሦስት ቦታ ተመቷል፤ አናቱ ላይ “ጉዳዩ፦ የሚዲያ ሽፋን ስለመጠየቅ” ይላል። ይህ ደብዳቤ ነው፤ መግለጫ አይደለም፤ የማኅተም ብዛትም ዜና አያደርገውም። አንብቤ ስጨርስ ምን እንደሠሩ አልገባኝም።

“እሺ፣ ምንድን ነው የሠራችሁት?” አልኳት።

“ጋሼ፣ ጣሪያቸው ስለሚያፈስ እማማ ሌሊት እየተነሡ ሳፋ ይደፉ ነበር። ቆርቆሮውን ቀየርንላቸው። አሁን ይተኛሉ።”

ወረቀቱን ገልብጬ እስክሪብቶ ሰጠኋት፤ እንዳለችው ጻፈችው። እማማን ስማቸው በሬዲዮ ቢጠራ ቅር ይላቸው እንደሆነ ጠይቃ እንድትመለስም ነገርኳት። ይህ የሚረሳ ነገር ስለሆነ እቆጣበታለሁ፦ እርዳታ ያገኘ ሰው ስሙና ፎቶው ከመላኩ በፊት ራሱ ይጠየቅ። እማማ ፈቀዱ። በማግሥቱ የቀን 7 ሰዓት ዜና ላይ “አሁን ይተኛሉ” የሚለው ሳይነካ ተነበበ።

ችግኝ ለተከሉም አንድ ነገር ልበል። የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ከተጀመረበት ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ “ተከልን” የሚል መግለጫ ይጎርፋል። አምና ከተከላችሁት ስንቱ እንደጸደቀ ቆጥራችሁ ጻፉ፤ ግማሹ ደርቆ ከሆነም ለምን እንደደረቀ ጨምሩበት። እንዲህ ያለው ወረቀት እጄ ከገባ ሌላውን አቆይቼ እሱን አነባለሁ።

ቀኑን ከነስሙ ጻፉ፤ “በዛሬው ዕለት” የሚል ወረቀት ከሦስት ቀን በኋላ ሲደርሰን የትኛው ዛሬ እንደሆነ አይታወቅም። ባነር ይዞ የተሰለፈ ሰው ፎቶም ይቅር፤ ጣሪያ ላይ ሚስማር የሚመታውን ልጅ ላኩልን።

ስልክ ደግሞ ሁለት ይሁን። ሊቀመንበሩ ፈተና ላይ ሆኖ ስልኩን ዘግቶ የቀረብን ዜና ብዙ ነው። የዚያች ልጅ ማኅበር ዘንድሮ የላከው መግለጫ አምስት አንቀጽ ነው፤ ግርጌው ላይ ሁለት ቁጥር አለው። በአንደኛው ደወልኩ፣ አልተነሣም። ሁለተኛውን ራሷ አነሣችው፤ ከኋላዋ መዶሻ ይሰማል።