መጠየቂያን ስለማኖርና መልሶ ስለመጠቀም

ለቻትቦት የሚቀርበው ትእዛዝ ወይም ጥያቄ በተለምዶ «ፕሮምፕት» ይባላል። በዚህ ጽሑፍ «መጠየቂያ» እለዋለሁ፤ የተሻለ ስያሜ ያለው ቢያቀርብ ደስ ይለኛል። ቻትጂፒቲ በኅዳር 2015 ዓ.ም. ለሕዝብ ከቀረበ ወዲህ ተማሪዎቻችን ልብ ወለድ ሲተነትኑ እነዚህን መሣሪያዎች ይጠይቃሉ። የጠየቁበትን ቃል ግን አያኖሩም። እኔም አላኖርም ነበር።

ጉዳቱን ያስተዋልሁት የማማክራት አንዲት ተማሪ ጥናቷን ስታቀርብ ነው። በአንድ አጭር ልብ ወለድ አንጻር ላይ የጻፈችው ክፍል ጥሩ ነበር። ይሁንና ፈታኟ «ምን ብለሽ ጠየቅሽው?» ቢሏት መልስ አጣች። መጠየቂያውን ያረቀቅሁላት እኔ ነበርሁ፤ ቃሉ ከእኔም ዘንድ ጠፍቷል። ክፍሉ ከጥናቱ እንዲወጣ ተወሰነ።

ቃል ግጥም የሚሰበስብ ሰው በካርዱ ላይ የመረጃ አቀባዩን ስም፣ ቦታውንና ቀኑን ያሰፍራል። መጠየቂያም እንዲሁ የመሣሪያው ስም፣ እትሙና ቀኑ ሊሰፍርለት ይገባል፤ መሣሪያው ስለሚታደስ ዓምና የሠራ ቃል ዘንድሮ ላይሠራ ይችላልና።

ዋናው ቁም ነገር ግን ቋሚውን ከተለዋዋጩ መለየት ነው። አሁን የምጠቀምበት የአንጻር መጠየቂያ ይህ ነው፦ «የሚከተለውን አንቀጽ አንብብ። የተራኪውን አንጻር ግለጽ። ለእያንዳንዱ ነጥብ ከአንቀጹ ቃል በቃል ማስረጃ ጥቀስ። ማስረጃ ካጣህ ‹አላገኘሁም› በል። አንቀጽ፦ ...» ተለዋዋጩ በነጥቦቹ ቦታ የሚገባው አንቀጽ ብቻ ነው። «አላገኘሁም»ን የጨመርሁት መሣሪያው በአንቀጹ ውስጥ የሌለ ዓረፍተ ነገር ስለጠቀሰልኝ ነው። አንድ ቃል ስለውጥ የቀድሞውን አልሰርዝም፤ የለወጥሁበትን ምክንያት ከሥሩ እጽፋለሁ።

መጠየቂያዎቼን የማስቀምጠው በመጽሐፍ ርእስ ሳይሆን በሥራው ዓይነት ነው፦ አንጻር፣ ገጸ ባሕርይ፣ መቼት። (ለግጥም ቀለም ቆጠራ ግን አንድም የለኝም። መሣሪያው ጽሑፍን የሚያነበው ፊደል በፊደል ሳይሆን እየቆራረጠ ስለሆነ ቆጠራው ይሳሳታል፤ በጣት መቁጠር ይሻላል።)

መጠየቂያው ቢኖርም መልሱ አንድ አይሆንም። የቃላት አመራረጡ ዕድል አለበትና በዚያው ቀን እንኳ ይለያያል። ስለዚህ ሦስት ጊዜ ጠይቄ ሦስቱንም መልሶች ከመጠየቂያው ጋር አያይዛለሁ። ተማሪዋ ያንኑ ልብ ወለድ በዚህ መንገድ እንደገና ስትጠይቅ ሁለቱ መልሶች ተራኪውን ሁሉን አወቅ ሲሉት ሦስተኛው ውሱን ነው አለ። የትኛው እንደሚያስኬድ ድርሰቱን መልሰን እያነበብን ነው።