የእንጨት የአንገት መስቀል አቀራረጽ ለጀማሪዎች

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ወንድ ሕፃን በ40 ቀኑ፣ ሴት ሕፃን በ80 ቀኗ ክርስትና ሲነሡ ማተብ በአንገታቸው ይታሰራል። በማተቡ ላይ የሚንጠለጠለው መስቀል ከብር፣ ከነሐስ ወይም ከእንጨት ይሠራል። ከእነዚህ መካከል የእንጨቱ መስቀል የማቅለጫ ምድጃም ሆነ ውድ መሣሪያ ስለማይጠይቅ ለጀማሪ ቀራጭ ቅርብ ነው።

የመስቀሉ ማነስ ግን ሥራውን ቀላል አያደርገውም። የጀማሪዎች መስቀል አብዛኛውን ጊዜ የሚሰበረው ሥራው ሊጠናቀቅ ሲቃረብ ነው። ለዚህም ዋነኛው ምክንያት የእንጨቱን ጭረት አለማወቅና የሥራውን ቅደም ተከተል አለመጠበቅ ነው።

ጭረት የሚባለው በእንጨቱ ውስጥ ከሥር ወደ ጫፍ የሚሄደው ቀጭን መስመር ነው። እንጨት በጭረቱ አቅጣጫ በቀላሉ ይሰነጠቃል፤ ጭረቱን አቋርጦ ለመስበር ግን ከባድ ነው። በመሆኑም የመስቀሉ ቋሚ ከጭረቱ ጋር እንዲሄድ ተደርጎ ይነደፋል። በዚህ ጊዜ ቋሚው ጠንካራ ሲሆን፣ ጭረቱ የሚያቋርጣቸው ሁለቱ የጎን ክንዶች ደካማ ይሆናሉ። ስለዚህ ጀማሪ ክንዶቹን አጭርና ወፈር ያሉ አድርጎ መንደፍ ይኖርበታል። ለመጀመሪያ ሥራ ቁመቱ 5 ሴንቲ ሜትር፣ ወርዱ 3 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱም 8 ሚሊ ሜትር የሆነ መስቀል ተስማሚ ነው።

ከአገር በቀል ዛፎች ወይራ ጠጣርና ጭረቱ የተጠጋጋ በመሆኑ ረቂቅ የሐረግ ንድፍን ይይዛል፤ ሲወለወልም ያበራል። ይሁን እንጂ ላልተለማመደ እጅ ይከብዳል። ዋንዛ ለስለስ ያለና ለቢላ የሚታዘዝ በመሆኑ ለመለማመጃ ይመረጣል። ጽድ በቀላሉ ስለሚሰነጠቅ ለቀጫጭን ክንዶች አይመችም። የትኛውም እንጨት ጉጥና ስንጥቅ የሌለበት፣ በሚገባም የደረቀ መሆን አለበት። እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ስለሚኮማተር የተጠናቀቀውን ሥራ ሊሰነጥቀው ይችላል። ጫፎቹን በሰም ቀብቶ በጥላ ሥር በዝግታ ማድረቅ ጉዳቱን ይቀንሳል።

ለሥራው የሚያስፈልጉት መሣሪያዎች አጭር ስለት ያለው ቢላ፣ ጠባብ መሮ፣ ቀጭን የእጅ መጋዝ፣ የእጅ መሰርሰሪያ፣ ሞረድ፣ ብርጭቆ ወረቀትና የስለት መሳያ ድንጋይ ናቸው። የዶለዶመ ቢላ ከፍተኛ ጉልበት ስለሚጠይቅ ድንገት አምልጦ እጅን የመቁረጥ አደጋው ከተሳለው ይበልጣል። መስቀሉን በመዳፍ ይዞ ስለቱን ወደ መዳፍ መግፋትም ክልክል ነው። አስተማማኙ ዘዴ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ባለው ጠፍጣፋ እንጨት አንድ ጫፍ ላይ መስቀሉን ነድፎ ቀሪውን እንደ እጀታ መጠቀም ወይም በሞርሳ ማሰር ነው። እጀታው የሚቆረጠው በመጨረሻ ይሆናል።

የሥራው ቅደም ተከተል ከውስጥ ወደ ውጭ ነው። በእርሳስ ከተነደፈ በኋላ በመጀመሪያ የማተቡ ማስገቢያና የውስጥ ንድፉ ቀዳዳዎች ይበሳሉ። በዚህ ጊዜ በዙሪያው ያለው እንጨት ገና ስላልተነሣ የመሰርሰሪያውን ጫና ይሸከማል። ከሥሩ ሌላ ጣውላ ማድረግ ቀዳዳው በስተጀርባ እንዳይፈነቀል ይከላከላል። በማተቡ ማስገቢያ ዙሪያ ቢያንስ 3 ሚሊ ሜትር እንጨት መቅረት አለበት። ቀጥሎ በገጹ ላይ የሚቀረጹት መስመሮች ይሠራሉ። የውጭው ቅርጽ በመጋዝ የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ክንዱ ከቋሚው ጋር በሚገናኝበት ማዕዘን ላይ አስቀድሞ በቢላ ጫፍ ጭረቱን የሚያቋርጥ ቅድ ይበጃል። ቀጥሎ ወደ ማዕዘኑ ሲላግ ስንጥቁ ቅዱ ላይ ሲደርስ ይቆማል። ብዙ ክንዶችን ከመሰበር የሚያድነውም ይኸው ቅድ ነው።

ማለስለሱ ከሻካራ ወደ ለስላሳ ብርጭቆ ወረቀት በመሸጋገር፣ ሁልጊዜም ጭረቱን በመከተል ይከናወናል። በመጨረሻም ስስ የተልባ ዘይት ተቀብቶ ከደረቀ በኋላ በንብ ሰም ይወለወላል። ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተቀመጠ በራሱ ግሎ ሊቀጣጠል ስለሚችል ተዘርግቶ መድረቅ አለበት።

ንድፍ ለመምረጥ የሚፈልጉ ጀማሪዎች በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም የሚገኘውን የመስቀል ስብስብ መመልከት ይችላሉ።

በላሊበላ የገና፣ በአክሱም የኅዳር ጽዮን በዓላት ወቅት ለምዕመናንና ለጎብኝዎች መስቀል ለሚሸጥ ቀራጭ አንድ የተሰበረ ክንድ የቀናት ድካም መና ቀረ ማለት ነው። የሚባክነው እንጨትም በቀላሉ አይተካም። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ዋንዛ፣ ጽድ፣ ዝግባና ኮሶ ከደን እንዳይቆረጡ መከልከሉ የዛፎቹ መመናመን ያኔም አሳሳቢ እንደነበረ ያመለክታል። ለአንድ የአንገት መስቀል ግን ዛፍ መቁረጥ አያስፈልግም፤ ከአናጢ ቤት የሚጣል ቁራጭ ወይም ከግቢ ዛፍ የተገረዘ ቅርንጫፍ ይበቃል። ጭረቱን የሚያውቅና ቅደም ተከተሉን የሚጠብቅ ጀማሪ ለማገዶ ሊውል የነበረውን ቁራጭ ከልጅ ወደ ልጅ ወደሚተላለፍ መስቀል ይለውጠዋል።