አዘንብሎ የሚሾር እንዝርት፤ የበረዶ ላይ ዝላይን በትራምፖሊን ስለ መለማመድ

እናቶቻችን ጥጥ ሲፈትሉ ያየ ሰው ሁሉ የእንዝርትን ጠባይ ያውቃል። እንዝርቱ ቀጥ ብሎ ሲሾር አካሄዱ የታወቀ ነው፤ ጥቂት ያዘነበለ እንደ ሆነ ግን መሾሩን ሳይተው ጫፉ ሌላ ክብ መሥራት ይጀምራል፤ ተመልካቹም ወዴት እንደሚወድቅ አስቀድሞ ለማወቅ ይቸግረዋል። ዛሬ በዚህ ገጻችን ልንናገርለት ያሰብነው የዚህ ያዘነበለ እንዝርት ነገር ነው፤ ልዩነቱ የሚሾረው እንጨት ሳይሆን የሰው ልጅ፥ ያውም ብዙ ጊዜ ገና ጢም ያላበቀለ ልጅ መሆኑ ነው።

በረዶ በሚጸናባቸው አገሮች ሰዎች ሁለት ቀጫጭን ረጃጅም ሳንቃዎች ከእግራቸው ጋራ አሥረው ከተራራ ቁልቁል ይንሸራተታሉ፤ ይህም ስኪ ይባላል። የአገራችን ሰው ይህን ጨዋታ ጨርሶ አያውቀውም አይባልም፤ ሮቤል ተክለ ማርያም በፈረንጆች አቆጣጠር በ2006 በቶሪኖ፥ በ2010 ደግሞ በቫንኩቨር በተደረጉት የክረምት ኦሊምፒክ ጨዋታዎች ስለ ኢትዮጵያ ተወዳድሯል። (ከዚህ በታች የምንጽፋቸው ዓመታት ሁሉ በዚያው በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) የእርሱ ውድድር ግን ረጅም መንገድ በበረዶ ላይ መጓዝ ነበር። አሁን የምንናገርለት ከበረዶ ከተሠራ መወርወሪያ ላይ ወደ አየር ወጥቶ፥ ዞሮና ተገልብጦ፥ እንደ ገና በሁለት እግር በበረዶው ላይ መቆም ነው። ይህ ዐይነቱ ዝላይ ከየመሰናክሉ ላይ እየዘለሉ የሚወርዱበት ውድድር ሆኖ በ2014 በሶቺ፥ ከአንድ ትልቅ መወርወሪያ ብቻ የሚዘለልበት ደግሞ በ2022 በቤጂንግ በኦሊምፒክ ውስጥ ገብቷል።

የዙሩ ብዛት የሚቈጠረው በዲግሪ ነው። አንድ ሙሉ ዙር 360፥ ሁለት ዙር 720፥ ሦስት ዙር 1080 ይባላል። ዘላዩ ራሱን ወደ ላይ፥ እግሩን ወደ ታች አድርጎ ቢዞር ቀጥ ያለ እንዝርት ነው። ትከሻውን ጥሎ ሰውነቱን በአየር ላይ ሊተኛ እስኪቃረብ ድረስ አዘንብሎ ቢዞር ግን ዙሩ ኮርክ የሚል ስም ያገኛል፤ ስሙም የጠርሙስ ቡሽ ከሚነቀልበት ጠምዛዛ ብረት የመጣ ነው። በአንድ ዝላይ ውስጥ ሁለት ጊዜ ያዘነበለ እንደ ሆነ ድርብ ኮርክ ይሉታል።

አንባቢዎቻችን፥ «ይህ የሩቅ አገር ጨዋታ ለእኛ ቤት ምኑ ነው?» ይሉን ይሆናል። ነገር ግን ከኮሎራዶ ተራሮች ሥር ባለችው በዴንቨር ከተማ ብዙ ኢትዮጵያውያን ቤተ ሰቦች ይኖራሉ፤ እንደዚሁም በበረዶ አገር ልጅ የሚያሳድጉ ወገኖቻችን ጥቂቶች አይደሉም። ልጃቸው አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ተመልሶ፥ «ጓደኞቼ ኮርክ የሚለማመዱበትን ትራምፖሊን ለእኔም ግዙልኝ» ቢላቸው መልሱን ከማን ይጠይቃሉ? በችኮላ እሺ ማለትም በፍርሃት እንቢ ማለትም ቀላል ነው፤ አውቆ መመለስ ግን ከሁለቱም ይከብዳል።

ትራምፖሊን ማለት ከብረት ክፈፍ ጋራ በብዙ ሞላዎች የተወጠረ ጠንካራ ሸራ ነው። ጆርጅ ኒሰን የሚባል አሜሪካዊ ገና ጐረምሳ ሳለ በሰርከስ ላይ ከከፍታ የሚወረወሩት ሰዎች መረባቸው ላይ ወድቀው እንደሚነጥሩ አየና ነገሩን በልቡ ያዘው፤ በኋላም ከአሠልጣኙ ከላሪ ግሪስወልድ ጋራ ሆኖ በ1936 በአይዋ የዛሬውን ዐይነት ትራምፖሊን ሠራ። ስሙንም የወሰደው የመዝለያ ሳንቃን ከሚያመለክተው የእስፓኝ ቃል ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አሜሪካውያን አውሮፕላን ነጂዎቻቸውን በዚህ ሸራ ላይ አሠለጠኗቸው፤ ምክንያቱም ሰው በአየር ላይ ሲገለባበጥ ላዩንና ታቹን እንዳይስት መልመድ ስለሚያስፈልገው ነው። የበረዶ ዘላዮችም ወደ ሸራው የሚሄዱት ስለዚሁ ምክንያት ነው።

ጥቅሙ በድግግሞሹ ላይ ነው። በተራራ ላይ አንድ ዝላይ ለመዝለል ወደ ላይ መውጣት፥ ተራ መጠበቅ፥ ብርዱንም መቻል ያስፈልጋል፤ በሸራው ላይ ግን ያው እንቅስቃሴ በአጭር ጊዜ ውስጥ ደጋግሞ ይሠራል። ይሁን እንጂ ጊዜው ስስታም መሆኑን ማወቅ ይገባል። አንድ ሜትር ከፍ ያለ ዘላይ በአየር ላይ የሚቈየው 0.9 ሰከንድ ያህል ነው፤ ከፍታውን እጥፍ አድርጎ ሁለት ሜትር ቢወጣ እንኳ የሚያገኘው 1.3 ሰከንድ ያህል ብቻ ነው። ከፍታው እጥፍ ሲሆን የአወዳደቁ ብርታትም እጥፍ ይሆናል፤ ጊዜው ግን እጥፍ አይሆንም። ስለዚህ ከፍ ብሎ በመዝለል ብቻ ዙር አጨምራለሁ የሚል ልጅ አደጋውን ከጊዜው አብልጦ ይገዛል።

ዙሩ የሚወለደው እግር ከሸራው ሳይለይ ነው። ሰው በአየር ላይ ከሆነ በኋላ የሚገፋው ነገር ስለሌለ በመነሻው ላይ ያልያዘውን የመዞር ኀይል ከየትም አያመጣውም። ያለውን ግን ሊያስተዳድረው ይችላል፤ ክንዱን ወደ ደረቱ ቢሰበስብ ዙሩ ይፈጥናል፥ ቢዘረጋው ይዘገያል። በመገልበጥ ላይ ሳለም አንዱን ክንድ ወደ ላይ፥ ሌላውን ወደ ታች ቢያደርግ ሰውነቱ ያዘነብላል። የኮርክ ምሥጢር እንግዲህ በሦስት ነገር ይጠቃለላል፤ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ መነሣት፥ ቀጥሎ ትከሻን ጥሎ በትከሻው ላይ አሻግሮ ማየት፥ በመጨረሻም ዐይን ማረፊያውን ሲያገኝ ክንድን ከፍቶ ዙሩን ማዘግየት ነው። ጀማሪዎች አብዝተው የሚሳሳቱት በመጀመሪያው ነው፤ ገና ሳይነሡ ያዘነብላሉ፤ እንዲህ ያደረገም ዘላይ ወደ ላይ ሳይሆን ወደ ጐን፥ ወደ ብረቱ ይወረወራል።

ልምምዱ ደረጃ አለው። በመጀመሪያ ልጁ በሸራው መካከል ቀጥ ብሎ መዝለልንና፥ ከሁሉም በፊት፥ ጕልበቱን አጥፎ በአንድ ጊዜ መቆምን ይማራል። ዐሥር ጊዜ ዘሎ ዐሥሩንም ጊዜ በአንዱ ምልክት ላይ ያላረፈ ልጅ ዙር ሊሞክር አይገባውም። ቀጥሎ ግማሽ ዙር፥ ከዚያ ሙሉ ዙር፥ ወደ ቀኝም ወደ ግራም ይለማመዳል። ሦስተኛም በጀርባ መውደቅን፥ አገጩን ወደ ደረቱ ሰብስቦ በሙሉ ጀርባው ማረፍን ይማራል፤ ያዘነበለ ዙር ሲበላሽ ሰውነት በጀርባ ወይም በጐን የሚመጣ ስለሆነ አወዳደቅን ያልተማረ ልጅ እጁን ወደ ኋላ ይዘረጋል፤ የሚሰበረውም በዚያ ጊዜ ነው። መገልበጥና ማዘንበል የሚመጡት ከዚህ ሁሉ በኋላ፥ ያውም ሥራውን በሚያውቅ አሠልጣኝ ፊት፥ በወገብ ቀበቶና በገመድ ተይዞ ወይም ስፖንጅ በተሞላ ጕድጓድ ላይ ነው። ይህ ሲጸና ስለት የሌላቸው፥ በስፖንጅ የተሸፈኑ አጫጭር የመለማመጃ ሳንቃዎች በእግሩ ይታሠሩለታል። እውነተኛው ስኪ የብረት ጠርዝ ስላለው በሸራ ላይ አይወጣም።

ከሸራውም ወደ በረዶው በአንድ ጊዜ አይሻገሩም፤ በአየር የተነፋ ትልቅ ፍራሽ ወይም የውኃ ገንዳ በመካከል አለ። ሸራው ዘላዩን ወደ ላይ ወርውሮ በዚያው ስፍራ ይቀበለዋል፤ በተራራ ላይ ግን ሰውየው ወደ ፊት እየበረረ ቁልቁለት ላይ ያርፋል። የጫማውና የስኪው ክብደት በእግሩ ጫፍ ላይ ስለሆነ ዙሩን ያዘገይበታል፤ በሸራ ላይ የተጠናቀቀው ዙር በበረዶ ላይ ሊጐድል ይችላል። በረዶውም እንደ ሸራ አይለጠጥም።

አሁን ደግሞ ለወላጆች ዋነኛ ወደ ሆነው ነገር እንመለስ። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2012 ባወጣው ምክር ትራምፖሊን ለቤት መጫወቻ እንዳይሆን አሳስቧል። ከጕዳቱ ከአራቱ እጅ ሦስቱ ያህል የሚደርሰው ከአንድ በላይ ሰዎች አብረው ሲዘሉ ነው፤ ከእነዚያም መካከል ትንሹ ልጅ ከከባዱ ባልንጀራው ይልቅ እስከ 14 ጊዜ የሚበልጥ የመጐዳት አደጋ እንዳለበት ተጽፏል። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም፤ ትልቁ ሲያርፍ የተወጠረው ሸራ በትልቁ ኀይል ትንሹን ይወረውረዋልና። በራስ ላይ መገልበጥም አንገትን ሰብሮ ለዘለቄታ ሽባ ሊያደርግ ስለሚችል፥ ያለ አሠልጣኝ ከቶ አይሞከርም። በዙሪያው የሚቆመው መረብም ብቻውን ዋስ አይሆንም፤ ብዙው ጕዳት የሚደርሰው በሸራው ላይ ነውና። ሸራው ለስላሳ መሆኑ ልጁን ያታልለዋል፤ ለስላሳ ነገር ላይ በአንገት መውደቅም መውደቅ ነው።

እንግዲህ ወላጅ ምን ያድርግ? ስለዚህ ነገር በ2022 በቤጂንግ የሆነውን እናስታውስ። በ2003 በሳን ፍራንሲስኮ የተወለደችው፥ ለቻይናም የተሰለፈችው ኤይሊን ጉ የ18 ዓመት ልጅ ነበረች። የመጨረሻው ዝላይ ሲቀር የወርቁ ስፍራ በፈረንሳዊቷ በቴስ ለዱ እጅ ነበረ። ልጅቷ ከመዝለሏ በፊት ለእናቷ ስልክ ደወለች። እናት የምታውቀውን 1440፥ ማለት አራቱን ዙር፥ ብትደግም እንደሚሻል መከረቻት። ልጅ ግን ከዚያ ቀን በፊት ሞክራው የማታውቀውን ድርብ ኮርክ 1620 መረጠች፤ አራት ዙር ተኩል ዞራም በእግሯ ቆመች፤ በድምሩ 188.25 ነጥብ አግኝታ 187.50 ያገኘችውን ቴስ ለዱን በለጠች።

ይህን ታሪክ የሚሰማ ልጅ፥ «የእናቷን ምክር ብትተው ወርቅ አገኘች» ብሎ ይተረጕመው ይሆናል። እኛ ግን ሌላ ነገር እናይበታለን። ያልሞከረችው ነገር ግማሽ ዙር ብቻ ነበረ፤ ከእርሱ በታች ያሉት አራቱ ዙሮች በእጇ ነበሩ። ድንገተኛ ድፍረት የመሰለው ነገር የረጅም መሰላል የመጨረሻው እርከን ነው። ደግሞም በዚያ በጭንቅ ሰዓት ልጅቷ የደወለችው ለእናቷ ነው። እናትየዋም አልከለከለችም፥ አልገፋፋችም፤ የመሰላትን ነገረቻት፤ ፍርዱም ለሚዘለው ሰው ቀረ። እንዲህ ያለው መተማመን በአንድ ቀን የሚገኝ አይደለም፤ ልጅ ገና የመጀመሪያውን እርከን ሲወጣ ወላጁ አጠገቡ ቆሞ ካየው የሚገኝ ነው።

ስለዚህ ልጃችሁ ትራምፖሊን ቢለምናችሁ ሸራውን ከመግዛት በፊት አሠልጣኙን ፈልጉ። ልምምዱ ሥርዓት ባለው ስፍራ ይሁን፤ በሸራው ላይ አንድ ልጅ ብቻ ይውጣ፤ የደከመ ልጅ ይውረድ፤ «አንድ ጊዜ ብቻ ልድገም» የምትለዋን የመጨረሻ ዝላይም ጠርጥሯት። ሲመለስም፥ «ስንት ዙር ዞርህ?» ብላችሁ አትጠይቁት፤ «ዛሬ ስንት ጊዜ በምልክቱ ላይ ቆምህ?» በሉት። ልጁ ከዚህ ጥያቄ የሚማረው ነገር ከዝላዩም ያልፋል፤ ፈታይ ሴት እንዝርቷ እንዲያዘነብል የምትፈቅድለት ቀጥ አድርጋ ማሾርን ካወቀች በኋላ ነውና።