ድንበር የተሻገርንበት ቀን በአንጎላችን ውስጥ የት ይቀመጣል?

በገዳሪፍ ከምንኖር ኢትዮጵያውያን ቤተሰቦች መካከል ስለ መንገድ የማይወራበት ቤት ጥቂት ነው። አንዱ በመተማ ዮሐንስ አድርጎ ጋላባት የገባበትን፣ ሌላው ከሑመራ ተነሥቶ ተከዜን ተሻግሮ ሐምዳይት የደረሰበትን ያወጋል። ቡና ተፈልቶ ጨዋታው ሲሞቅ ታላቅና ታናሽ የሚከራከሩትም በዚሁ ነው። «ያን ሌሊት ዝናብ ነበረ» ይላል አንዱ። «ኧረ ጨረቃ ነበረች እንጂ ምን ዝናብ አለ!» ትላለች ሌላዋ። ሁለቱም አይዋሹም። እኛ የሳይንስ መምህራን በዚህ ጽሑፍ ለተማሪዎቻችንና ለወላጆች ማስረዳት የፈለግነው፣ ሁለት ሰዎች ሳይዋሹ እንዴት ሊለያዩ እንደሚችሉ ነው። ነገሩ የቡና ላይ ክርክር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይህን ያህል ባልደከምንበት፤ ግን ከመካከላችን ብዙ ቤተሰብ ታሪኩን ጉዳይ ለሚመረምር ሠራተኛ ደጋግሞ መናገር ይኖርበታል፤ የቃል ልዩነቱም በፋይሉ ላይ ይሰፍራል።

(ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት፣ የኢትዮጵያ ብለን ከለየነው በስተቀር፣ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

በመጀመሪያ አንድ ነገር እንለይ። ነጭ አባይና ጥቁር አባይ ካርቱም ላይ እንደሚገናኙ ማወቅ አንድ ነገር ነው፤ መገናኛውን በዓይን ያዩበትን ቀን ማስታወስ ደግሞ ሌላ ነው። የመጀመሪያው እውቀት ነው፤ መቼና ከማን እንደተማርነው እንኳ ረስተነው ይሆናል። ሁለተኛው የራስ ገጠመኝ ትዝታ ነው፤ ቦታ አለው፣ ጊዜ አለው፣ «እኔ እዚያ ነበርኩ» የሚል ስሜትም አለው። ይህን ልዩነት በ1972 በግልጽ ያስቀመጡት በካናዳ ያስተምሩ የነበሩት የሥነ ልቦና ሊቅ ኤንዴል ቱልቪንግ ናቸው።

የገጠመኝ ትዝታ ያለ የትኛው የአንጎል ክፍል እንደማይፈጠር ሳይንስ የተማረው በአንድ ሰው መከራ ነው። ሄንሪ ሞላይሰን የተባለ አሜሪካዊ በከባድ የሚጥል በሽታ ይሠቃይ ነበር። በ1953፣ በ27 ዓመቱ፣ ሐኪሙ ሕመሙን ለማስታገስ ብለው ከአንጎሉ ግራና ቀኝ ሂፖካምፐስ የሚባለውን ክፍል አብዛኛውን ቆርጠው አወጡ። ሂፖካምፐስ ከጆሮአችን አቅጣጫ ወደ ውስጥ ገባ ብላ የምትገኝ ጎበጥ ያለች ክፍል ናት፤ ስሟም ከግሪክኛ የመጣ ሆኖ የባሕር ፈረስ ማለት ነው። በሽታው ቀለል አለለት፤ ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አዲስ ገጠመኝ መያዝ አቃተው። ብሬንዳ ሚልነር የተባሉት ተመራማሪ ለዓመታት ሲመላለሱለት በየጊዜው እንደ አዲስ እንግዳ ይቀበላቸው ነበር። ልጅነቱን ግን ያስታውሳል፤ ቋንቋውም አልጠፋም። ሚልነር የገዛ እጁን በመስተዋት ውስጥ ብቻ እያየ የኮከብ ሥዕል እንዲከተል አለማመዱት፤ ከቀን ወደ ቀን እጁ ተሻሻለ፣ እሱ ግን ሥራውን ከዚያ በፊት ሠርቶት እንደማያውቅ ያምን ነበር። እጅ የሚለምድበት መንገድና ገጠመኝ የሚታወስበት መንገድ ለየብቻ መሆናቸው በዚህ ታወቀ። ሞላይሰን በ2008 በ82 ዓመቱ አረፈ፤ ከሃምሳ ዓመት በላይ ተመራማሪዎችን ያስተማረው ሰው ምን እንዳስተማረ ራሱ ሊያስታውሰው አልቻለም።

አሁን ወደ ሴሎቹ እንግባ። በሰው አንጎል ውስጥ ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉ። ሴሎቹ በአብዛኛው አይነካኩም፤ በመካከላቸው እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ። ይህ መገናኛ ሲናፕስ ይባላል። መልእክቱ በሴሉ ውስጥ በኤሌክትሪክ ይሮጣል፤ ክፍተቱ ላይ ሲደርስ በኬሚካል ይሻገራል። የመተማንና የጋላባትን መንገድ ለሚያውቁ ልጆች እንዲህ ብንል ይገባቸዋል፦ እስከ ድልድዩ በአንድ መኪና፣ ድልድዩን በእግር፣ ከድልድዩ ወዲህ በሌላ መኪና።

አንድ ነገር ሲገጥመን በብዛት የሚለወጠው የሴሎቹ ቁጥር ሳይሆን የመገናኛዎቹ ጥንካሬ ነው። ካናዳዊው ዶናልድ ሄብ በ1949 አብረው የሚነቁ ሴሎች ግንኙነታቸው ይጠነክራል ብለው ሐሳብ አቀረቡ። በ1973 ቲም ብሊስና ቴርየ ሎሞ በጥንቸል ሂፖካምፐስ ላይ ይህን የሚመስል ነገር በመሣሪያ አዩ፤ ለአጭር ጊዜ ደጋግሞ የተነካ መገናኛ ከዚያ በኋላ ለሰዓታት በርትቶ ቆየ። በክረምት የማሽላ እርሻ መካከል ሰው አንዴ ቢያልፍ ሣሩ ተመልሶ ይቆማል፤ ቢመላለስበት ግን መንገድ ይወጣለታል። አንጎልም እንዲሁ ነው። ትዝታው እንዲቆይ ሴሉ አዳዲስ ፕሮቲን መሥራት አለበት፤ ይህም ሰዓታት ይፈጃል።

አንድ ትዝታ ግን በአንድ ሴል ውስጥ ተቀምጦ አይገኝም። ያየነው በአንጎል የኋላ ክፍል፣ የሰማነው በጎን በኩል፣ ሽታው በሌላ ቦታ ይያዛል። የሂፖካምፐስ ሥራ እነዚህን ማሰር ነው፤ ሰሊጥ ታጭዶ በነዶ እንደሚታሰር። ስለዚህ አንዱን ጫፍ የነካ ሁሉንም ይስባል። ዝናብ የነካው ዋልካ አፈር ሲሸት አንዲት እናት ድንገት ዝም ትላለች፤ ሽታው የአንድ ክረምት ጉዞን ሙሉውን ይዞባት መጥቷል።

ይህ አሳሰብ በሰው ሴል ላይ ጭምር ታይቷል። በሎስ አንጀለስ የሚጥል በሽታ ያለባቸው ሕሙማን ለሕክምናቸው ሲባል በአንጎላቸው ውስጥ ቀጫጭን ሽቦ ገብቶላቸው ነበር። ኢትዝሃቅ ፍሪድና ባልደረቦቻቸው አጫጭር የፊልም ቁራጮች አሳዩአቸውና የትኛው ሴል በየትኛው ፊልም እንደሚነቃ መዘገቡ። ቆይተው ያዩትን እንዲያስታውሱ ሲጠይቋቸው፣ በዚያ ፊልም ጊዜ ነቅቶ የነበረው ያው ሴል እንደገና ነቃ፤ ያውም ሕሙማኑ ትዝ ያላቸውን በቃል ከመናገራቸው ከአንድ ሰከንድ በላይ ቀድሞ። ውጤቱ የወጣው በ2008 ነው። እንግዲህ ማስታወስ ማለት የቀድሞው የሴሎች ስብስብ በከፊል እንደገና ሲሠራ ነው ማለት እንችላለን። ቦታም ራሱን የቻለ ድርሻ አለው። ጆን ኦኪፍ በ1971 በአይጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ እንስሳዋ አንድ የተወሰነ ቦታ ስትደርስ ብቻ የሚነቁ ሴሎች ማግኘታቸውን ጽፈው፣ በ2014 የኖቤል ሽልማት ተካፍለዋል። «የት ነበርን?» የሚለው ጥያቄ «መቼ ነበር?» ከሚለው ይልቅ ቶሎ መልስ ሲያገኝ ብዙ ጊዜ እናያለን።

ተማሪዎች፣ እዚህ ላይ ለእናንተ አንድ ጥቅም አለ። አይጦች ቀን የሄዱበትን መንገድ የሚያመለክቱት ሴሎች ማታ ተኝተው ሳሉ እንደገና እንደሚነቁ በ1994 ታይቷል። እንቅልፍ አጥቶ ለፈተና ማንበብ አንጎል ያጨደውን ሳያስር እንዲያድር ማድረግ ነው።

ፍርሃት ሲገባ ነገሩ ይለወጣል። ከሂፖካምፐስ አጠገብ አሚግዳላ የምትባል ክፍል አለች፤ አደጋ ሲመጣ ከአድሬናሊን ጋር ሆና የሁኔታውን እምብርት በኃይል ታትማለች። ጠመንጃው፣ ጩኸቱ፣ የወደቀው ሰው አይረሳም። ዳር ዳሩ ግን፣ ማለትም ሰዓቱ፣ የልብሱ ቀለም፣ የሰዎቹ ብዛት፣ ጨረቃ መኖሯ፣ ልል ሆኖ ይቀራል። ልል የሆነውን ደግሞ አንጎል በኋላ ከሰማው ይሞላዋል። ኤልሳቤጥ ሎፍተስና ጆን ፓልመር በ1974 ለተማሪዎች የመኪና ግጭት ፊልም አሳይተው ነበር። መኪኖቹ «ሲላተሙ» ፍጥነታቸው ስንት ነበር ተብለው ከተጠየቁት 50 ተማሪዎች 16ቱ፣ «ሲጋጩ» በሚል ለስላሳ ቃል ከተጠየቁት 50 ደግሞ 7ቱ፣ ከሳምንት በኋላ የተሰበረ መስተዋት አይተናል አሉ። በፊልሙ ውስጥ የተሰበረ መስተዋት አልነበረም። አንዲት ቃል ይህን ካደረገች፣ ለዓመታት በየቡናው የተነገረ ታሪክ ምን ያህል እንደሚለወጥ ገምቱ።

ለእኛ አካባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ጥናት በ2002 በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት የወጣው ነው። ጄን ሄርሊሂና ባልደረቦቿ በእንግሊዝ አገር ቀድሞውኑ የመኖር ፈቃድ ያገኙ 39 የኮሶቮና የቦስኒያ ስደተኞችን ስለ ገጠመኞቻቸው ሁለት ጊዜ፣ በሳምንታት ልዩነት ጠየቁ። ፈቃዱ በእጃቸው ስለሆነ የሚዋሹበት ምክንያት አልነበራቸውም። ሆኖም በሁለቱ ቃላቸው መካከል ልዩነት መገኘቱ የተለመደ ነበር፤ ይበልጡንም በዳር ዳሩ ዝርዝር ላይ። የአእምሮ ጠባሳቸው በከበደባቸው ሰዎች ዘንድ በሁለቱ ጥያቄዎች መካከል ጊዜው ሲረዝም ልዩነቱም ይበዛ ነበር። በእኛ ግምት ይህ ጥናት በየመዝጋቢው ጠረጴዛ ላይ ሊቀመጥ ይገባል።

በእኛ በኩል ግን አንጎል የሌለበት ጥፋትም አለ፤ የቀን አቆጣጠር። እናት «ኅዳር 2013» ትላለች፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር ወይም ዲሴምበር 2020 ማለቷ ነው፤ አስተርጓሚው ሳያስተካክል ከጻፈው ሰባት ዓመት ይሳሳታል። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት» ያልነው በሱዳን የሰዓት አቆጣጠር ሁለት ነው። ስለዚህ በማን አቆጣጠር እንደምንናገር አስቀድመን እንንገር። ቀኑ ካልታወሰን ከመስቀል በፊት፣ ከሰሊጥ አጨዳ በኋላ እያልን በምናውቀው ነገር እናስደግፈው። ያላስታወስነውን «አላስታውስም» ማለት ነውር አይደለም፤ ባዶውን በግምት መሙላት ነው የሚጎዳው።

ትዝታ በቀን ሳይሆን በትርጉም እንደሚደራጅ ከዚሁ ከአካባቢያችን የተገኘ ማስረጃ አለ። በ1984 ከጎንደር በኩል በእግራቸው መጥተው ኡም ራኩባን በመሳሰሉ መጠለያዎች የቆዩ ቤተ እስራኤላውያን፣ ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 መጀመሪያ በድብቅ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወስደዋል። በመንገድና በመጠለያ የሞቱት ወደ 4,000 ይገመታሉ። የሥነ ልቦና ባለሙያው ጋዲ ቤን ዔዘር በልጅነታቸው የተጓዙትን አነጋግረው በ2002 መጽሐፍ አሳትመዋል። ከትረካዎቹ ውስጥ ሦስት ክሮች ደጋግመው ወጥተዋል፦ ማንነት፣ መከራና ብርታት።

ከ2023 ሚያዝያ ወዲህ ከካርቱም፣ በኋላም ከወድ መደኒ ተፈናቅለው ወደ ገዳሪፍ የመጡ ልጆች አሉ። በር ሲንኳኳ የሚደነግጥ ልጅ ካለ ትዝታው ካለፈ ነገር ይልቅ እንደ አሁን እየመጣበት መሆኑን እንረዳለት፤ በክፍል ፊት አውራ ብሎ ማስገደድ አይገባም።

በመጨረሻ ስለ ታናናሾቹ። አብዛኛው ሰው ከሦስት ዓመት ገደማ በፊት የሆነውን አያስታውስም። ሂፖካምፐስ ገና እየተሠራ ነው፤ ገጠመኙን የሚይዝበት ቋንቋም አልደረሰለትም። በ2014 በቶሮንቶ የተደረገ የአይጥ ጥናት ደግሞ በጨቅላነት በብዛት የሚወለዱት አዳዲስ ሴሎች የቀድሞውን ግንኙነት እንደሚያናጉት አሳይቷል። በአንድ ዓመቱ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ድንበር የተሻገረ ልጅ ወንዙን አየሁት ሲል፣ ያየው በእናቱ ትረካ ውስጥ ነው፤ ሥዕሉ ግን ለእሱ እንደማንኛውም ትዝታ ቁልጭ ያለ ነው። ሲጠየቅ «እናቴ እንደነገረችኝ» ብሎ እንዲጀምር እናስተምረው።